ከፊልሙ ፍጻሜ በኋላ ያለው ፋታ

ይድረስ ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፤

ቴሌቪዥንና ፊልምን ስንተች አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው ይዘቱን ነው፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን አቀራረቡ ነው። ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በ2007 ፊልሞችን በኢንተርኔት ማሳየት ከጀመረ ወዲህ፣ አንዱ ክፍል ባለቀ በጥቂት ሴኮንዶች ቀጣዩ በራሱ የሚጀምርበት አሠራር ተለምዷል። ትናንት ማታ አንዲት እናት የልጇን መርዶ የሰማችበት ትዕይንት ከዓይኔ ሳይጠፋ፣ የሠራተኞቹ ስም ዝርዝር ወደ ጥግ ተጨምቆ ሌላ ታሪክ ተጀመረ፤ ዕንባዬን እንኳ አልጠረግሁም ነበር። የመብራትና የድምፅ ባለሙያዎቹ፣ ብዙ የለፉት ሁሉ፣ ስማቸው ሳይነበብ ቀረ። ተመልካች ያየውን የሚያሰላስልበትን ፋታ መንጠቅ ለንግድ ይበጅ ይሆናል፤ ለጥበብ ግን በደል ነው። ስለዚህ ሐያስያን ከትወናው ባሻገር ይህንንም እንዲመረምሩ፣ አቅራቢዎቹም ተመልካቹ ራሱ ካልፈቀደ በቀር ቀጣዩን ክፍል እንዳያስጀምሩ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የፊልም ተመልካች