የፖስተሩን ግርጌ ለምን ቆረጣችሁት?

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ አንጎላ የነጻነት ትግል ያወጣችሁትን አንብቤዋለሁ፣ ጽሁፉ ክፉ አይደለም፣ እኔን ያናደደኝ ከጎኑ ያለው ፖስተር ነው። ከስሩ "የአንጎላ ታጋዮች ያሳተሙት" ብላችኋል። እኔ ይሄንኑ ፖስተር ሙሉውን አይቼዋለሁ፣ ግርጌው ላይ በደቃቁ፣ ፌብሯሪ 4 ከአንጎላ ህዝብ ጋር የአጋርነት ቀን ነው የሚል በአራት ቋንቋ ተጽፏል፣ በስፓኒሽ በእንግሊዝኛ በፈረንሳይኛና በአረብኛ፣ እናንተ ግን ለአምዱ እንዲበቃላችሁ ነው መሰለኝ እሷኑ ቆርጣችሁ ጣላችኋት።

የቅኝ ገዢዋ ቋንቋ፣ ፖርቱጋልኛ፣ እንደሌለበት ልብ በሉልኝ። የአንጎላ ዋና ከተማ ሉዋንዳ ላለ ሰው አልተሰራማ! የሰራው በፈረንጅ 1966 ኩባ፣ ሃቫና ላይ የተቋቋመው የሶስቱ አህጉራት (የአፍሪካ፣ የእስያና የላቲን አሜሪካ) የአጋርነት ድርጅት ኦስፓአል ነው። መሀሉ ላይ የምትታየዋ መስቀለኛ መስመርም የእርጅና እንዳትመስላችሁ፣ ፖስተሩ ትራይኮንቲኔንታል በሚባለው የድርጅቱ መጽሄት ውስጥ ታጥፎ ነበር ወደየአገሩ የሚላከው፣ የደረሰው ሰው ይዘረጋውና ግድግዳው ላይ ይለጥፈዋል። ቀኗም ዝም ብላ የተመረጠች አይደለችም፣ በ1961 በዛች ቀን ነው አብዛኞቹ ቆንጨራ ብቻ የያዙ ሰዎች እስረኛ እናስፈታለን ብለው የሉዋንዳን እስር ቤት ያጠቁት።

የኩባ ነው ስላልኩ ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ፖርቱጋል አንጎላን ቅኝ ግዛቴ ሳትሆን የባህር ማዶ ክፍለ ሀገሬ ናት እያለች ድርቅ ብላ ስለነበር ክርክሩ ውጪ ባለው ሰው ፊትም መካሄድ ነበረበት፣ እንዲያውም ለኔ ጠመንጃ ከተሳለበት ፖስተር ይልቅ የሆላንዶቹ ነገር ነው የሚገርመኝ፣ በ1972 አንጎላ ኮሚቴ የሚባለው የአንጎላን ቡና አትግዙ ብሎ ዘመቻ ከፍቶ የቡና ካምፓኒዎቹ ከዛ መግዛት እስከማቆም ደርሰዋል። ዘመቻው ተመልካቹን ከማሳዘን አልፎ ሱቅ ገብተህ ይሄን ፓኬት አታንሳ ይለዋል በቃ።

ታዲያ ማን አሳተመው ምን ያደርግልናል የሚል አይጠፋም። አንጎላ ውስጥ እኮ የሚታገሉት ኤምፒኤልኤ፣ ኤፍኤንኤልኤ እና ዩኒታ የሚባሉ ሶስት ተቀናቃኝ ድርጅቶች ነበሩ፣ ሃቫና የደገፈችው ኤምፒኤልኤን ነው። ኖቬምበር 11 ቀን 1975 ነጻነት ሲታወጅ ኤምፒኤልኤ ከሁለቱ ጋር እየተታኮሰ ነበር፣ ኤምፒኤልኤ ሉዋንዳ ላይ ሲያውጅ ሁለቱ ደግሞ ሁዋምቦ የምትባል ከተማ ላይ የራሳቸውን አወጁ። እናንተ ያን ፖስተር ግርጌውን ቆርጣችሁ "የአንጎላ ታጋዮች" ስትሉት ሁለቱን ሳታውቁት ከታሪኩ አወጣችኋቸው ማለት ነው።

ፎቶው ሙሉው እናንተ ጋ ካለ እባካችሁ በሚቀጥለው እትም ግርጌውን ሳትነኩ አውጡት፣ እጥፋቱንም በፎቶሾፕ እንዳታጠፉት።

አንባቢያችሁ