በነሐሴ የጉማራን ወንዝ አፍ ለዓሣዎቹ እንልቀቅላቸው

ክቡር አዘጋጅ፣

ጋዜጣችሁ ስለ ጣና ይጽፋል። በተለይ እንቦጭ በ2004 ዓ.ም. ከታየ ወዲህ ጣና ከገጻችሁ ጠፍቶ አያውቅም። እግዜር ይስጥልን። ስለ ዓሣው ግን ብዙም ሲነሳ አላይም። እኔ ባህር ዳር ሐይቁ ዳር ዓሣ እየጠበስኩ ልጆች ያሳደግሁ ሴት ነኝ። የምጽፈው ስለ ነጭ ዓሣ ነው።

ቆሮሶን ሁሉም ያውቀዋል። ዝዋይም አለ፣ ጫሞም አለ። አምባዛም እንደዚያው። ነጭ ዓሣ ግን የጣና የራሱ ነው። እኛ በጅምላ እንጠራዋለን እንጂ ዓይነቱ ብዙ ነው። ለመገንጠል ስቀመጥ እጄ ላይ እለየዋለሁ። አንዱ አፉ እስከ ዓይኑ ሥር የተከፈተ ነው፤ ሆዱ ሲቀደድ ትንንሽ ዓሣ ይወጣል። ሌላው ከንፈሩ ወፍራም፣ ሥጋው ወደ ታች የተንጠለጠለ ነው። ዓይኑ ትልልቅ የሆነም አለ። ቀጭንና ረዥምም አለ። ተመራማሪዎች ሐይቁ ውስጥ 15 ዓይነት ለይተዋል፣ 8ቱ ሌላ ዓሣ የሚበሉ ናቸው። ከጥቂቱ በቀር ሌላ የትም የሉም። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች ያለ ዓሣ ያን ሁሉ ገደል ሽቅብ ወጥቶ ጣና አይገባም። እነዚህ እዚሁ ተዘግተው፣ እዚሁ ተዋልደው፣ እዚሁ መልካቸው ተለያየ። የዓሣ ትምህርት የተማረ የእህቴ ልጅ እንደነገረኝ፣ ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ በሚባል ሐይቅ የዚህ ዓይነት ዘር ነበረ። ከውጭ የገባ ዓሣ ጨረሰው። አሁን የቀረው የኛው ብቻ ነው።

ይህን ዓሣ ከማንም በላይ የሚያውቁት ነገደ ወይጦዎች ናቸው። ጣና ዳር ከነሱ የቀደመ ዓሣ አጥማጅ የለም። ደንገል አጭደው፣ አድርቀው፣ አስረው ታንኳ ይሠራሉ። ታንኳዋ ውሃ እየጠጣች ስትከብድ አውጥተው ፀሐይ ላይ ያቆሟታል፤ ስትበሰብስ ሌላ ይሠራሉ። እኔ ሥራ ስጀምር ዓሣ ያመጡልኝ የነበሩት የነሱ ሽማግሌዎች ናቸው። ዓሣው ከየት እንደተያዘ በመልኩ ይናገሩ ነበር። «ይሄ የድንጋይ ሥር ነው፣ ይሄ የጥልቁ ነው» ይሉኛል። አሁን ልጆቻቸው ቀን ሥራ ፍለጋ ከተማ ውስጥ ይዞራሉ። ሐይቁ ዳር ያለው መሬት ተይዟል፣ ደንገሉም ሳስቷል። ስለ ጣና ቅርስ ሲወራ ክብራን ገብርኤልና ዑራ ኪዳነ ምሕረት ይጠራሉ፣ ይገባቸዋልም። የእነዚህን ሰዎች እውቀት ግን ማንም ቅርስ ብሎ ሲመዘግብ አላየሁም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ነጭ ዓሣ ብዙው የሚወልደው ሐይቁ ውስጥ አይደለም። ክረምት ሲበረታ ወደ ወንዞች አፍ ይሰበሰባል። ጉማራ፣ ርብ፣ ግልገል ዓባይ፣ መገጭ። ከዚያ ሽቅብ ይወጣል፣ ጠጠር ያለበት ንጹሕ ውሃ ፈልጎ እንቁላሉን ይጥላል። ሐምሌ መጨረሻ፣ ነሐሴ፣ መስከረም የሱ ጊዜ ነው። መረቡም የሚዘረጋው ያኔ፣ ወንዙ አፍ ላይ ነው። አንዳንዱ ከወንዙ ላይ ብርብራ ወቅጦ ይነሰንሳል፤ ትልቁም ትንሹም ሰክሮ ይንሳፈፋል። ይህ እርጉዝን መንገድ ላይ ጠብቆ እንደ መምታት ነው።

ማስረጃው ቢላዬ ሥር ነው። በነሐሴ የሚመጣልኝ ነጭ ዓሣ ሆዱ የተነፋ ነው። ስቀደው ከጎድኑ እስከ ጎድኑ ቢጫ እንቁላል ነው፣ ፍሬው ጣት ላይ ይጣበቃል። ያን ሁሉ ጠርጌ ለውሻ እሰጥ ነበር። ደንበኛ አይበላውማ።

ድሮ በታንኳ ሲጠመድ ዓሣው አላለቀም። በ1978 ዓ.ም. ገደማ የሞተር ጀልባና ረጃጅም መረብ መጣ። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ የነጭ ዓሣ ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል ወረደ፤ ይህ ተጠንቶ የታተመ ነው። ከዚያ ወዲህ መረቡ ቀጠነ፣ ዓይኑም ጠበበ። ወንዞቹ ላይ ደግሞ ጠጠርና አሸዋው ይዛቃል፣ ለመስኖ ውሃው በፓምፕ ይሳባል፣ ግድብም ይሠራል። እንቁላል የሚጣልበት ቦታ ከየት ይምጣ?

ሕግ የለም እንዳይባል የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፣ ክልሉም የራሱን አውጥቷል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ወረቀቱ ሞልቷል። ነሐሴ ላይ ጉማራ አፍ የሚቆም ሰው ነው የጠፋው።

አጥማጁ ምን ይብላ የሚለው ጥያቄ ያሳስበኛል፤ ከነሱ ጋር ነው የምውለው። ሐይቁ ይዘጋ አላልኩም። ቆሮሶና አምባዛ ሐይቁ ውስጥ ይጠመድ። የምለምነው የወንዞቹ አፍ ለሁለት ወር ብቻ ከመረብ ነፃ እንዲሆን ነው። ጠባቂም ከፈለጋችሁ ነገደ ወይጦዎችን ቅጠሩ። ደመወዝ ይሰጣቸው። ዓሣው መቼ እንደሚነሳ ነጋሪ አያሻቸውም።

ሆቴሎችንም አደራ እላለሁ። በነዚያ ሁለት ወራት ነጭ ዓሣ አትግዙ። እኔ ካቆምኩ ቆይቻለሁ፣ ገበያዬ አልቀዘቀዘም። ሰው ለብለብም ጉላሽም ከቆሮሶ ይበላል። ገዢ ከሌለ መረቡ አይዘረጋም። ሰኔ ሳያልቅ ይህን ብታወጡልኝ ለዘንድሮ ይደርሳል።

ከአክብሮት ጋር፣
ዓሣ ጠባሽ፣ ከባህር ዳር