«ተረጋገጠ» የተባለው በማን ላይ ነው?

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

«ሞርፊን ካንሰርን እንደሚያሰራጭ ተረጋገጠ» በሚል ርዕስ ያወጣችሁት ዘገባ፣ ይህ ብርቱ የህመም ማስታገሻ ካንሰርን በሰውነት ውስጥ እንደሚያስፋፋ ይናገራል፤ ሙግቴ «ተረጋገጠ» ከምትለው ቃል ጋር ነው። በማን ላይ እንደተረጋገጠ ለማወቅ እስከ መጨረሻው አንቀጽ መዝለቅ ነበረብኝ፤ «በአይጦች ላይ» የሚለውን እዚያ ጥግ ተሸሽጎ አገኘሁት። አይጦቹ ዘገባችሁን አላነበቡትም፤ እህቴ ግን አንብባዋለች።

ካንሰሩ ወደ አጥንቷ የዘለቀው ታላቅ እህቴ ርዕሱን ስልኳ ላይ እንዳየች፣ በየአራት ሰዓቱ የምትወስደውን የሞርፊን ሽሮፕ «በገዛ እጄ በሽታዬን አልመግብም» ብላ ተወችው። ሦስት ሌሊት አጠገቧ ተቀምጬ አነጋሁ። ህመሙ አልበቃ ብሎ፣ መድኃኒቱ በድንገት በመቋረጡ ላቡና መንቀጥቀጡ ተጨመረበት። እርግጥ ነው፣ ይህ ዜና አይሆንም፤ እሷ አይጥ አይደለችማ።

ዘገባው ከባዶ ተነሣ አልልም። ሞርፊን የካንሰር ሕዋሳትን የሚያጠቁትን «ተፈጥሯዊ ገዳይ» የተባሉ የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ሊያዳክም እንደሚችል በእንስሳትም በሰዎችም ላይ ታይቷል። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም የሰው የጡት ካንሰር ሕዋሳት በተተከሉባቸው አይጦች ላይ ሞርፊን አዳዲስ የደም ሥሮች እንዲበቅሉና ዕጢው እንዲያድግ ማገዙን አሳይቷል። ነገር ግን የቀዶ ሕክምና ጫናና ያልታከመ ህመም ራሳቸው እነዚያኑ ገዳይ ሕዋሳት ያዳክማሉ፤ ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸው አይጦች ላይ በተካሄዱ ሌሎች ሙከራዎች፣ ሞርፊን በተሰጣቸው ላይ ወደ ሳንባ የተሰራጨው ዕጢ ካልተሰጣቸው ያነሰ ነበር። አይጥ ለምስክርነት ከተጠራ፣ የሁለቱም ወገን አይጦች ይጠሩ እንጂ!

በሰውስ? በ2019 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት የጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ከ2,100 የሚበልጡ ሴቶች በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ተከታትሏል። አንደኛው ቡድን በጋዝ ማደንዘዣና በኦፒዮይድ (ሞርፊንና መሰሎቹ የህመም ማስታገሻዎች)፣ ሌላው የኦፒዮይድን ፍላጎት በሚቀንስ የነርቭ ማደንዘዣና በፕሮፖፎል ታከመ፤ ካንሰሩ የተመለሰባቸው ከሁለቱም ቡድን ወደ 10 በመቶ የሚሆኑት ነበሩ። ይህ ጥናት ኦፒዮይድን ለወራት ስለሚወስድ ሕመምተኛ የመጨረሻውን ቃል አይሰጥም፤ እኔም እንደ እናንተ «ተረጋገጠ» ብዬ አልቸኩልም። ቢሆንም፣ ስለ ሰው የሚያወራ ዘገባ በሰው ላይ የተደረገውን እንዴት ይዘለዋል? ደግሞስ አንድ የህመም ሐኪም ወይም አንድ አስታማሚ ማነጋገር ይህን ያህል ይከብዳል?

እህቴ ሐኪሟ በብዙ ልመና ካስረዷት በኋላ መድኃኒቷን ጀምራለች፤ አሁንም ግን ማንኪያውን ሳትሞላ ትወስዳለች። ስለዚህ እርማት የምታወጡ ከሆነ በርዕሱ ላይ አውጡት፤ እስከ መጨረሻው አንቀጽ ለማንበብ አቅም የላትም።

አንድ አስታማሚ