ለቅዳሜው ንባብ

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ፣ የቅዳሜውን የታሪክ ምዕራፍ ስታነቡ እባካችሁ እርሳስ ይዛችሁ ተቀመጡ፣ ዝም ብሎ ገፅ መግለጥ አይጠቅመንም። መጀመሪያ ደራሲው ምን ሊያሳምነን እንደፈለገ በአንድ መስመር ጻፉ። የውጫሌ ውል አንቀፅ 17 ላይ ስትደርሱ ደሞ ቀስ በሉ፣ በአማርኛው ምኒልክ ለውጭ ግንኙነት በጣልያን መንግስት በኩል መጠቀም ይችላሉ ነው የሚለው፣ በጣልያንኛው ግን እንደ ግዴታ ሆኖ ነው የተጻፈው፣ እና ደራሲው የትኛውን ይዞ እንደሚከራከር ካላያችሁ ዋናው ነገር ያመልጣችኋል። ዓመቱንም ቼክ አርጉ፣ አድዋ አንዱ ጋ 1888 ሌላው ጋ 1896 ይላል፣ ሁለቱም ልክ ነው፣ የኛና የፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ነው። የግርጌ ማስታወሻ እንዳትዘሉ በናታችሁ፣ መረጃው ከየት እንደመጣ የሚታየው እዛ ነው። ያልተስማማችሁበት ቦታ ጠርዙ ላይ ጥያቄ ምልክት አርጋችሁ የገፅ ቁጥሩን ይዛችሁ ኑ፣ ከዛው እንጀምራለን።