ተሳቢ ማጠብ ለምን አቆምን? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ተሳቢና ከባድ መኪና ማጠብ ማቆማችን፣ ላቫጆው ረቡዕ ረቡዕ መዘጋቱም ብዙዎቻችሁን አስቀይሟል። ከጂቡቲ መስመር ሌሊቱን ነድታችሁ መጥታችሁ ከበር ለተመለሳችሁ፣ ይቅርታ። «ሲያልፍላት የቤት መኪና መረጠች» መባሉን ግን ሰምቼ በጣም ከፍቶኛል።

ይህን ቤት ያቆማችሁት እናንተ ናችሁ። አባቴ በባልዲና በጨርቅ ሲጀምር የቤት መኪና ይዞ የመጣለት አልነበረም። የመጣችሁት የጭነት ሹፌሮች ናችሁ። እኔም የተማርኩት በእናንተ ብር ነው። የውሃ ጉድጓዱም ቢሆን ለእናንተ ተብሎ ነው የተቆፈረው። እንዴት ብዬ ነው እናንተን የምጠላው?

ነገሩ የውሃ ነው። ጠዋት ፓምፑ ሲነሳ ውሃው ደህና ይመጣል። ከሰዓት ላይ የውሃው ጎማ ይንፈራገጣል። አየር ይተፋል፣ ትንሽ ውሃ ይሰጣል፣ እንደገና አየር። ማጣሪያው ሲፈታ እፍኝ ሙሉ ግራጫ አሸዋ ይወጣል። ያ አሸዋ ፓምፑን ከውስጥ ይበላዋል። በፕሬዥር ሲረጭ ደግሞ የመኪናችሁን ቀለም ይጭራል። አጥፍተን ስናሳድረው ጉድጓዱ መልሶ ይሞላል፤ ረቡዕ የምንዘጋውም ለዚሁ ነው።

ከመሬት በታች ብዙ ሰው እንደሚያስበው ሐይቅ የለም። ውሃው በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ቀስ እያለ ነው የሚሄደው። እኛ ስንስብ በጉድጓዱ ዙሪያ ይወርዳል። ጎረቤትም በዚያው ሰዓት ሲስብ አንዳችን የአንዳችንን እናወርዳለን። በሰፈራችን ደግሞ ሆቴሉም ብሎኬት አምራቹም ጉድጓድ አላቸው። ዝናብ ይተካዋል እንዳትሉኝ፣ የአዳማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። አብዛኛው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። እሱም ከተራራው በጎርፍ ወርዶ፣ አስፋልቱን አጥለቅልቆ ይሄዳል። ወደ ታች የሚሰርገው ጥቂቱ ነው።

«ጠለቅ አድርገሽ አስቆፍሪ» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። ቁፋሮ የሚከፈለው በሜትር ነው። ፓምፑም ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዋጋው አይቀመስም። የቤት መኪና እጥበት ዋጋ ላይ የጨመርነውም በዚሁ በፓምፑ ወጪ ነው እንጂ ለትርፍ አይደለም። ጠለቅ አድርጎ ማስቆፈሩን ግን ገንዘቡ ቢገኝም አላደርገውም። እኔ ዝቅ ስል ሆቴሉም ዝቅ ይላል። ማን ጋ ይቆማል?

ቧንቧ ሲጠፋ የሰፈሩ እናቶች ጄሪካናቸውን ደርድረው በራችን ላይ ሲጠብቁ አይታችኋል። ለመጠጥ አይወስዱትም። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የብዙዎቻችንን ጥርስ ያበለዘው እሱ ነው። ለልብስና ለዕቃ ግን ይሆናቸዋል። በ1992 የወጣው የውሃ ሀብት አዋጅ ውሃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል። ጉድጓዱ ግቢዬ ውስጥ ስላለ ውሃው የኔ ብቻ አይሆንም። አንድ ተሳቢ ከነሻንሲው የሚፈጀው ስንት ጄሪካን እንደሚሞላ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

የሐረር መስመር የምትሠሩም የሐሮማያን ሐይቅ ታስታውሳላችሁ። ሐረር ከተማ ይጠጣው የነበረ ሐይቅ ነው። ዙሪያውን ለጫትና ለአትክልት በሞተር ተሳበ፣ ደለልም ሞላው፣ ደረቀ። በውሃው ቦታ ከብት ጋጠበት። አሁን ውሃ ተመልሶበታል፤ እስኪመለስ ግን ሐረር በውሃ ጥም ስንት ዓመት ተሰቃየች። እንዲህ ያለውን አይቶ ዝም ብሎ መሳብ ለኔ አልሆነልኝም።

ያጠብንበትን ውሃ መልሰን የምንጠቀምበት ገንዳ ከጓሮ እያሠራን ነው። ጭቃው ይዘቅጣል፣ ዘይቱ ከላይ ይገፈፋል፣ ውሃው ለሻንሲና ለጎማ ይመለሳል። ገንዳው ሲያልቅ ተሳቢ እንቀበላለን፣ መጀመሪያ የምንደውለውም ለእናንተው ነው። እስከዚያ ግራሶ (የመኪና ቅባት መሙላት) እንደ ድሮው አለ። ለከባድ መኪና መስታወትና መብራት በባልዲ በነፃ እናጸዳለን። ፓምፑ የሚሠራው እስከ 6 ሰዓት ብቻ ስለሆነ የቤት መኪና ያላችሁ በጠዋት ኑልን።

የወር ቀድማችሁ የከፈላችሁ የተሳቢ ባለቤቶች ቀሪ ሂሳባችሁን ከቢሮ መውሰድ ትችላላችሁ። ገንዳው እስኪያልቅ ይቆይልኝ የምትሉ ካላችሁ ደግሞ ውለታችሁ አይጠፋኝም። ስማችሁን ለልጆቹ አስመዝግቡ።

የላቫጆው ባለቤት
አዳማ