ፒፒ፣ አርጩሜና ድንጋይ፦ የንባብ ክበባችን ዓመት

በየዓመቱ ክበባችን ያገኘውን መጽሐፍ ሁሉ ያነብ ነበር። ዘንድሮ ግን ረቡዕ ረቡዕ ከክፍል በኋላ የአንዲት ደራሲ ሥራዎች ላይ ብቻ ከረምን፤ የስዊድናዊቷ አስትሪድ ሊንድግሬን። ነገሩ የጀመረው ከፒያሳ ወደ ብሔራዊ ቴአትር ወርጄ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ሁለት መጽሐፏን በእንግሊዝኛ ያገኘሁ ዕለት ነው። አንዱን ማታ ጀመርኩ፣ ሳላስቀምጠው ነጋ። ለልጆቹ እንግሊዝኛውን እያየሁ በአማርኛ እነግራቸው ነበር። በኋላ ሰባተኛ ክፍሎቹ ራሳቸው እየተረጎሙ ለትንንሾቹ ማንበብ ጀመሩ።

መጀመሪያ ልባቸውን የያዘው የፒፒ መጽሐፍ አወላለድ ነው። በ1941 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) የሊንድግሬን ልጅ ካሪን የሳንባ ምች ይዟት ተኝታ እናቷን «ስለ ፒፒ ሎንግስቶኪንግ ንገሪኝ» አለቻት። ስሙን ካሪን እዚያው ፈጠረችው። እናት ፒፒ ማናት ብላ አልጠየቀችም፤ ስሙ እንግዳ ስለሆነ ልጅቷም እንግዳ ሆና ወጣች። በ1944 እናትየዋን በረዶ አንሸራቷት እግሯ ወለም ሲላት አልጋ ላይ ሆና ጻፈችው። አንድ አሳታሚ መለሰባት፤ በ1945 ግን በሌላው ውድድር አሸንፎ ታተመ። ከ1946 እስከ 1970 እዚያው አሳታሚ ቤት አርታኢ ነበረች፤ ጠዋት ትጽፋለች፣ ከሰዓት ቢሮ ትገባለች።

ፒፒ 9 ዓመቷ ነው፣ ያለ ወላጅ ከጦጣና ከፈረስ ጋር ትኖራለች። «ስድ ናት!» ያሉ ልጆች ነበሩ፤ በአገሯም እንዲህ ብለው የተቆጡ ነበሩ። አንዲት አምስተኛ ክፍል ተማሪ ግን ተነስታ «ፈረስ ታነሳለች፣ ጉልበቷን ግን ደካማ ላይ አታሳይም» አለች። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ሌላ መልክ ያዘ።

በ1973 የወጣው የአንበሳ ልብ ወንድማማቾች ታሪክ ከብዶናል። ታማሚው ካርል ሊሞት ነው ስንል ቤቱ ይቃጠላል፣ ታላቁ ዮናታን አዝሎት በመስኮት ይዘላል፣ የሚሞተውም እሱ ነው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ዓመቱን ሙሉ አፏን ከፍታ የማታውቅ ልጅ «ጤነኛው? ለምን ጤነኛው?» አለች። መልስ አልሰጠኋትም፤ ቀጣዩን ምዕራፍ እሷ እንድታነብ ሰጠኋት።

ከሁሉ በላይ ልባችን ውስጥ የቀረው ግን ሊንድግሬን በ1978 ፍራንክፈርት የጀርመን መጽሐፍ ነጋዴዎችን የሰላም ሽልማት ስትቀበል የነገረችው ነው። አንዲት እናት ልጇን ልትገርፈው «ሂድና አርጩሜ ቆርጠህ አምጣ» ትለዋለች። እዚህ ላይ ልጆቹ ሁሉ ሳቁ፤ አርጩሜ አምጣ መባልን የማያውቅ የለማ። ልጁ ብዙ ቆይቶ እያለቀሰ ይመለሳል፦ «አርጩሜ አላገኘሁም፤ ይኸው ግን ድንጋይ፣ ይህን ልትወረውሪብኝ ትችያለሽ።» ሳቁ እዚያው ቆመ። እናትየዋም አቅፋው አለቀሰች፣ ድንጋዩንም እንዳትረሳ ማድ ቤት መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። በዓመቱ፣ በ1979፣ ስዊድን ወላጅ ልጁን እንዳይመታ በሕግ ከለከለች፤ ከዓለም የመጀመሪያዋ ናት።

«እኛስ አገር?» አሉኝ። የሕገ መንግሥታችንን አንቀጽ 36 አነበብኩላቸው፤ ልጆች በትምህርት ቤትና በሚያሳድጓቸው ተቋማት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት አላቸው ይላል። አንድ ስድስተኛ ክፍል ልጅ ወዲያው «ቤትስ?» አለ።

በወላጆች ቀን ክበባችን ያቀረበው ይህንኑ የእናትና የድንጋይ ታሪክ ነው። ያነበበውም «ቤትስ?» ያለው ልጅ ነበር። ወላጆቹ ፊት ቆሞ፣ ድምፁ ሳይንቀጠቀጥ፣ እስከ ድንጋዩ ድረስ አነበበው።