ላሊበላዎቹ ይግቡልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በምንኖርበት ኮንዶሚኒየም መግቢያ ላይ ሰሞኑን አንድ ማስታወቂያ ተለጥፏል። «ለማኝ፣ ልዋጭና ላሊበላ ማስገባት ክልክል ነው» ይላል፤ የኮሚቴው ማኅተም አርፎበታል። ልዋጮቹ ስለ ራሳቸው ይሟገቱ። እኔ ብዕር ያነሳሁት በየደጁ እየዞሩ ስለሚያዜሙት ላሊበላዎች ነው።

ለማኝ ቀን ይለምናል። ላሊበላ ጎህ ሳይቀድ መጥቶ ፀሐይ ሳትወጣ ይሄዳል። ካላዜምን ሥጋ ደዌ ይወርድብናል የሚለውን እምነት ከአያት ከቅድመ አያት ወርሰውት ነው የሚዞሩት። እኛ ብሎክ የሚመጡት ባልና ሚስት ናቸው። መሰንቆ የለ፣ ክራር የለ፤ እሱ ግጥሙን ያወርዳል፣ እሷ በቀጭኑ ትቀበለዋለች። ደግሞ የአባወራውን ስም ሳይጠይቁ አይመጡም። የልጅ ልጄ የተወለደ ሰሞን ስሙን እየጠሩ መረቁት፤ ገና ክርስትና እንኳ አልተነሳም ነበር! ማን እንደነገራቸው ኋላ ደረስኩበት፤ ከታች ጉልት ላይ ሽንኩርት የምትሸጠዋ ናት።

ብሩን በፌስታል ቋጥሬ ከአራተኛ ፎቅ እወረውርላቸዋለሁ፤ ሴትየዋ በነጠላዋ ትቀልበዋለች። ድምፃቸው በሁለቱ ብሎኮች መሃል እየተጋጨ ሲወጣ፣ ግቢ ቤት በር ላይ ከሚሰማው የበለጠ ያምራል።

አንዷ ጎረቤቴ አምሽታ ስለምትገባ «እንቅልፍ ነሱኝ» ትላለች። እውነቷን ነው። ግን ከሥራችን ያለው የሞባይል ሱቅ በሩ ላይ የገተረው ስፒከር እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት አንድ ዘፈን እየደጋገመ ሲያንባርቅብን ማስታወቂያ የለጠፈ የለም። ሱቁ ኪራይ ይከፍላላ!

ያደግሁት ካዛንቺስ ነው፤ ከአዝማሪ ቤት የሚለየን አንድ የጭቃ ግድግዳ ነበር። እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ሲወረውር፣ አዝማሪው በመሰንቆው እየተቀበለ ሲያዜም፣ እኛ ልጆች ፍራሽ ላይ ተጋድመን ማን ከማን እንደተኳረፈ እንሰማ ነበር። እናቴ በወርቁ ትስቃለች፤ ለኛ ግን ሰሙን ብቻ ነው የምትነግረን። ግድግዳውም ቤቱም በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ፈረሱ። ዛሬ ሳልፈልገው ቤቴ ድረስ የሚመጣልኝ የሰው ዜማ፣ ከቅዳሴው ሌላ፣ የእነዚህ ባልና ሚስት ብቻ ነው። የሚኒባሱ ሙዚቃም አንዳንዴ ደስ ይላል፤ ግን ስሜን አያውቀውም።

ኮሚቴውን የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በሳምንት አንድ ቀን፣ እሁድ ንጋት ላይ፣ ጥበቃው ያስገባቸውና ልብስ ማስጫው ጋ ቆመው ያዚሙ። መስጠት ያልፈለገ አይስጥ። ይራገማሉ እየተባለ የሚወራውን እኔ አላየሁም፤ እጄ ባጠረ ጊዜ ዝም ብለው ወደሚቀጥለው ደረጃ ነው የሄዱት።

የነዋሪዎች ስብሰባ በመጪው ወር ነው። እዚያ እጄን አውጥቼ እናገራለሁ፤ ይህችን ደብዳቤ ካተማችሁልኝ ደግሞ ጋዜጣውን ይዤ እገባለሁ። ለአሮጊት የማይሰማ ኮሚቴ ለጋዜጣ ይሰማ ይሆናል።

ጡረታ የወጣች ልብስ ሰፊ
ከአዲስ አበባ